የኮምፒዩተራችን ዘበኛና ደመወዙ

በዛሬው ዘመን በከተማ የሚኖር መካከለኛ ቤተ ሰብ በቤቱ ያሉትን ኮምፒዩተሮችና ስልኮች አንድ በአንድ ቢቆጥር ቁጥሩ ከገመተው በላይ ሆኖ ያገኘዋል። እኛ የራሳችንን ብንቆጥር ሰባት ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ዕድሜው የገፋ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ አንድ ላፕቶፕና አምስት ስልኮች ናቸው። ልጆቹ የሚማሩበት ታብሌት መስተዋቱ ከተሰበረ ወዲህ ስለማይሠራ ከቁጥሩ አልገባም። መቁጠር ያስፈለገንም በቨርጂንያ የምትኖረው እኅታችን፣ «ለነዚህ ሁሉ ፀረ ቫይረስ ገዝታችኋል ወይ? ካልገዛችሁ እኔ ልግዛላችሁና ገንዘቡን ሲመቻችሁ ታስቡልኛላችሁ» ብላ ስለ ጠየቀችን ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በአንድ ቃል እሺ ወይም እንቢ ብሎ መመለስ አልተቻለንም። ከሁለታችን አንደኛችን ይከፈል ሲል ሁለተኛችን አይከፈል ስላለ፣ ነገሩን በየማታው ከእራት በኋላ ስንመረምረው ሰነበትን። ይህን የመሰለ ጥያቄ በብዙ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ዘንድ እንደሚነሣ በማሰብም የምርመራችንን ፍሬ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው እንናገር። እኅታችን ለራሷ ቤት የገዛችው ፀረ ቫይረስ በመጀመሪያው ዓመት 50 ዶላር ነበረ፤ ሁለተኛው ዓመት በገባ ጊዜ ግን ኩባንያው ራሱ ከባንክ ካርዷ 120 ዶላር ቆርጦ ወሰደ። ይህ በእርሷ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። የዚህ ዓይነቱን ዕቃ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ገዢው ካልሰረዘው በቀር ውሉ በራሱ እየታደሰ ሙሉው ዋጋ ይቆረጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ 120 ዶላር ማለት ከ12,000 ብር የሚበልጥ ገንዘብ ነው። በዚህ ገንዘብ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ምን ሊሠራ እንደሚችል ለቤት እመቤቶች መንገር አያሻንም።

ይሁን እንጂ ዋጋ ውድ ነው ተብሎ ብቻ ነገር አይጣልም፤ አስቀድሞ የሚጠበቀው ንብረት ምን እንደ ሆነ መታወቅ ይገባዋል። በእኛ ቤት በአሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ ያረፉት አባታችን ፎቶግራፎችና በሕይወት ሳሉ ለልጅ ልጆቻቸው የተናገሩት ምክር በድምፅ ተቀርጾ ይገኛል። የዚህ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ከዚህም በላይ ከሁለታችን አንደኛችን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለ ሆነ የ164 አባሎች መዝገብ እዚያው ነው። ማን እንደ ከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ እያንዳንዱ አባል እናት አባቱንና የትዳር ጓደኛውን በማን ስም እንዳስመዘገበ በዚያ ተጽፎአል። አንድ ሰው ባረፈ ጊዜ ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ የሚወሰነው ይህን መዝገብ በማየት ነው። ፎቶግራፉ የእኛ ቢሆን መዝገቡ የሰው አደራ ነው። በስልኮቹም በኩል ብንመለከት፣ ቴሌ ብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህና ባንኮችም ሒሳብን በስልክ ማንቀሳቀስ ከፈቀዱ ወዲህ፣ የብዙ ሰው የገንዘብ ከረጢት በኪሱ ከያዘው ስልክ ጋር አንድ ሆኖአል። ስለዚህ «እኛ ምን አለንና ይሰረቀናል?» የሚለው አነጋገር ዛሬ የሚያዋጣ አይደለም።

አሁን ወደ ዘበኛው እንምጣ። በሰፈራችን ሃያ ሁለት ቤቶች በየወሩ እያዋጣን የምንከፍለው የሌሊት ዘበኛ አለን። ይህ ሰው ሥራውን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በሌብነት የታወቁትን ሰዎች መልክ ስለሚያውቅ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ይጮኻል። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ባያውቀውም እንኳ በእኩለ ሌሊት በአጥር ሲንጠላጠል ቢያየው አያልፈውም። ፀረ ቫይረስ የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል የታወቁ ቫይረሶች ምልክት የተመዘገበበት ዝርዝር ይዞ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባውን ሁሉ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በዝርዝሩ የሌለ ፕሮግራም ክፉ ሥራ ሲጀምር፣ ለምሳሌ ብዙ ፋይሎችን ባንድ ጊዜ ሊለውጥ ሲነሣ፣ ያስቆመዋል። ዝርዝሩ በየቀኑ ካልታደሰ ዘበኛው የአምናን ሌቦች ብቻ የሚያውቅ ይሆናል።

እንግዲህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ዘበኛ ባብዛኛው ቤት አስቀድሞ ተቀጥሮ መኖሩን ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ካወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለውን ፀረ ቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይሰጣል፤ የተለየ ክፍያም አይጠይቅበትም። በነጻ የተሰጠ ነገር ደካማ ነው ብሎ መገመት የሰው ልማድ ነውና እኛም መጀመሪያ ተጠራጥረን ነበር። ነገር ግን በጀርመን አገር በማግደቡርግ ከተማ ያለው ኤቪ ቴስት፣ በኦስትሪያም በኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ፣ እነዚህን ዘበኞች ሁሉ በየጊዜው እየፈተኑ ውጤታቸውን ያወጣሉ፤ በፈተናቸውም ዲፌንደር ገንዘብ ከሚከፈልባቸው ጋር በአንድ ተርታ የሚቆም ሆኖ ተገኝቶአል። እውነቱን ለመናገር ጉድለት አያጣውም። የኃይሉ አንዱ ክፍል በኢንተርኔት ከኩባንያው ጋር በመነጋገር የሚገኝ ስለ ሆነ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ዓይኑ ይደክማል። ኢንተርኔት እየመጣ እየሄደ በሚያስቸግርበት በአገራችን ይህ ጉድለት ቀላል አይደለምና፣ ይከፈል ያለው ወገን የያዘው ጠንካራ ክርክር ይህ ነበረ።

አይከፈል ያለውም ወገን እንዲህ ሲል መለሰ፤ በአንድ በር ሁለት ዘበኛ ቢቆም እርስ በርሳቸው ይጣላሉ እንጂ ጥበቃው እጥፍ አይሆንም። በእርግጥም ሁለት ፀረ ቫይረሶች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ባንድነት ነቅተው ቢሠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ያሰናክላል፤ ኮምፒዩተሩም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ዊንዶውስ ሌላ ዘበኛ ሲቀጠር የራሱን ከበሩ ያነሣል። የሚከፈልበት ጥቅል ከዘበኛው ሌላ የሚጨምራቸው ነገሮች አሉ፤ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ ልጆች የሚያዩትን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ እንዲሁም በአሜሪካን አገር ለሚኖር ሰው በስሙ ሌላ ሰው እንዳይበደርበት የሚከታተል አገልግሎት አለበት። ይህ የመጨረሻው ለእኅታችን ይጠቅማት ይሆናል፤ ለእኛ ግን በዚያ አገር የብድር መዝገብ ስለሌለን ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም።

በዚህ መካከል እኅታችን ሌላ ሐሳብ አቀረበች። የእርሷ ጥቅል ለዐሥር መሣሪያ የሚበቃ ሲሆን በቤቷ የምትጠቀመው በአራቱ ብቻ ስለ ሆነ «የቀረው ስድስቱ ለእናንተ ይሁን» አለችን። ነገሩ አስደስቶን ነበር። ውሉን እንድታነብልን ብንጠይቃት ግን የተፈቀደው ለአንድ ቤተ ሰብ በአንድ ቤት ለሚኖሩት እንደ ሆነ ተጽፎ ተገኘ። በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር እኅት ባሕር ብትሻገርም ከቤት አትወጣም፤ ውሉን የጻፉት ሰዎች ግን ቤትን የሚቆጥሩት በጣሪያው ነው። የፈረሙትን ቃል በራስ ልማድ መተርጎም ተገቢ ስላልመሰለን ሐሳቡን በምስጋና ተውነው።

ስለ ቃልና ስለ ውል ከተነሣ ዘንድ አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በከተማችን በብዙ ኮምፒዩተር ቤቶች «ክራክ» የሚባል ነገር አለ፤ ይኸውም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብሮ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ኮምፒዩተር ፎርማት ለማስደረግ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱም፣ መጻፊያውም፣ ፀረ ቫይረሱም በዚህ መንገድ ተጭኖለት ይመለሳል፤ ምን እንደ ተጫነለትም አይነገረውም። እኛም አንድ ባለ ሱቅ ለሰባቱም መሣሪያ በጥቂት መቶ ብር «የዓመት ፀረ ቫይረስ» እጭናለሁ ብሎን ነበር። የሶፍትዌር ሥራ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ከቅጂ መብት ጋር ጥበቃ የተሰጠው ነው፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ የሰው ድካም ያለ ዋጋ መውሰድ ምን እንደሚባል ልጆቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረውታል። ደግሞም ነገሩን በጥቅም በኩል ብቻ ለሚያየው ሰው፣ ቁልፍ የሚሰብረው ያ ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ተሸክሞ የሚገኝ ሲሆን፣ ለመጫንም «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፉ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ዘበኛውን አስተኝታችሁ በሩን ክፈቱልኝ የሚል እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። የሚያስገርመው ነገር፣ ለግል ኮምፒዩተሮች ከተሠሩት ቫይረሶች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ብሬይን የተባለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በፓኪስታን በላሆር ከተማ በሁለት ወንድማማቾች የተሠራ ሲሆን፣ እነርሱ እንደ ተናገሩት የሠሩት ፕሮግራማቸውን ያለ ፈቃድ የሚገለብጡትን ሰዎች ለመከታተል ነበረ። ስማቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በውስጡ ጽፈውበታል! ከዚያ ወዲህ የተነሡት ግን ስማቸውን የሚጽፉ አይደሉም።

በሌላ በኩል ደግሞ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚሰጥ ሁሉ በእርግጥ ነጻ ነው ማለት አይደለም። አቫስት የተባለው የታወቀ የፀረ ቫይረስ ኩባንያ፣ ተጠቃሚዎቹ በኢንተርኔት የት የት እንደ ሄዱ የሚያሳየውን መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ስለ ተገኘ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ማድረጉን አስታውቆአል። በዚያው ዓመት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በአገራችንም ስሙ የታወቀው ካስፐርስኪ የተባለው የሩስያ ፀረ ቫይረስ በአገሩ እንዳይሸጥ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲል ከልክሎአል፤ ኩባንያው በበኩሉ ክሱን አልተቀበለውም። በነዚህ ላይ ለመፍረድ ሳይሆን ዘበኛ ማለት የቤቱን ክፍል ሁሉ የሚያይ ሰው መሆኑን ለማስታወስ ነው ያነሣነው። ሰው ዘበኛ ሲቀጥር ተያዥ የሚጠይቀው ስለዚህ አይደለምን?

በእኛ ቤት እውነተኛው አደጋ በየትኛው በር እንደሚገባ ለማወቅ የረዳን አንዲት ፍላሽ ናት። የእድሩ የዓመት ሒሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲታተም በፍላሽ ተደርጎ ወደ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተወስዶ ነበር። ፍላሿ ስትመለስ ወደ ላፕቶፑ ብናስገባት ዲፌንደር ወዲያው ማስጠንቀቂያ አወጣ። በፍላሿ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች ተሸሽገው በስማቸው ሌሎች ምልክቶች ተተክተዋል፤ ሰው ፎልደሩን የሚከፍት መስሎት ያንን ምልክት ሲነካ ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል፤ ከዚያም በኋላ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። የጽሕፈት ቤቱን ሰዎች አንወቅስም፤ በቀን ስንትና ስንት ፍላሽ እንደሚቀበሉ እናውቃለን። ላፕቶፑ ዳነ፤ ፋይሎቹም ተሸሽገው እንጂ ጠፍተው ስላልነበር ተመለሱ። የዚያኑ ሌሊት ግን እንዲህ ብለን አሰብን፤ ያች ፍላሽ በላፕቶፑ ፈንታ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ገብታ ቢሆንስ?

አሮጌው ኮምፒዩተር የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የነጻ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሞአል፤ ኮምፒዩተሩም የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም። ድጋፍ ቆመ ማለት በግንቡ ላይ ስንጥቅ ሲገኝ የሚደፍነው ግንበኛ ከእንግዲህ አይመጣም ማለት ነው። የዚህን ትርጉም ዓለም ሁሉ ያየው በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን በምስጢር ቆልፎ መክፈቻውን በገንዘብ የሚሸጥ ክፉ ፕሮግራም በዚያ ቀን ተነሥቶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኞች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የገባበትን ስንጥቅ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ነበር። ማሻሻያውን በጊዜው የተቀበሉት ኮምፒዩተሮች ያ ስንጥቅ ተደፍኖላቸው ነበርና በእርሱ በኩል አልተደፈሩም። እንግዲህ ግንቡ ለተሰነጠቀ ቤት 12,000 ብር አውጥቶ ሌላ ዘበኛ በበሩ ማቆም አሳማኝ ሆኖ አልታየንም፤ ዘበኛው በሩን ሲጠብቅ ሌባው በስንጥቁ ይገባልና። በዚህ ነጥብ ላይ ይከፈል ያለውም ወገን ተስማማ።

ስለ ስልኮቹ ብዙ አንናገርም። ከአምስቱ አንዱ አይፎን ነው፤ በአይፎን ውስጥ እያንዳንዱ መተግበሪያ በየራሱ ክፍል ተዘግቶ ስለሚሠራ፣ ፀረ ቫይረስ ነኝ ብሎ የሚገባውም እንግዳ የሌላውን ክፍል ከፍቶ መመርመር አይችልም። የቀሩት አራቱ አንድሮይድ ሲሆኑ፣ ጉግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ፕሌይ ፕሮቴክት የተባለውን የራሱን ተቆጣጣሪ ሰጥቶአቸዋል። አደጋው ያለው ከጉግል መደብር ውጭ በቴሌግራም እየተላለፈ በሚጫነው ነገር ላይ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ጓደኞቹ የላኩለትን «የተከፈተ» ጨዋታ ሊጭን ሲል ስልኩ ከለከለው፤ ክልከላውንም የሚያነሣበትን መንገድ ሊጠይቀን መጣ። መጠየቁን አመሰገንን፤ ጨዋታውን ግን አልፈቀድንም። ልጁ አኩርፎ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ነገር ግን ሐሳባችንን ፈጽሞ የለወጠው ከኮምፒዩተርም ከፍላሽም ያልመጣ ነገር ነው። ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናታችን በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ማኅበር ይጠጣሉ። ከማኅበርተኞቻቸው አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ለሙት ዓመቱ ተዝካር በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቀሙት ገንዘብ በባንክ ነበራቸው። አንድ ቀን ከቅዳሴ እንደ ተመለሱ ስልክ ተደወለላቸው። የደወለው ሰው በታላቅ ትሕትና «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምደውልልዎት፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝና ላድስልዎት» አላቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡለት። ወዲያውም ለተዝካሩ የተቀመጠው ገንዘብ ከሒሳባቸው ወጣ። ልጃቸው ስልኩን ወደ ባለሙያ ወስዶ ቢያስመረምረው ምንም ዓይነት ቫይረስ አልተገኘበትም። ስልኩ ንጹሕ ነበር። ተዝካሩን ማኅበርተኞቹ አዋጥተው አወጡላቸው፤ እኒያ እናት ግን ከኀፍረታቸው የተነሣ ለሁለት ወር ከማኅበሩ ቀሩ። የቀሩትም ሌባው ሳይሆን እርሳቸው ያፈሩ መሆኑን ስንሰማ እጅግ አዘንን።

ይህን ጊዜ ሰባቱንም መሣሪያዎች በጠረጴዛው ላይ ደርድረን ብናያቸው፣ ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው የእናታችን ስልክ ሆኖ አገኘነው፤ ለእርሱም የሚሸጥ ዘበኛ አልነበረም። ፀረ ቫይረስ በሰው አንደበት በኩል የሚወጣውን ቁጥር አይመልስም። ስለዚህ ለሦስት ምሽት ከእናታችን ጋር ተቀምጠን፣ ከባንክም ከቴሌም ማንም ሰው ደውሎ የምስጢር ቁጥር እንደማይጠይቅ፣ የሚያስቸኩል ሰው ቢደውል ዘግተው እኛን ወይም ቅርንጫፉን እንዲጠይቁ፣ በመልእክት የሚመጣ ቁጥርም እንደ ቤት ቁልፍ እንደ ሆነ አስረዳናቸው። ማስረዳቱ ቀላል አልነበረም፤ እናታችን በትሕትና ለሚናገራቸው ሰው ስልክ መዝጋትን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበርና። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ለእርሳቸውም ተደወለላቸው። ስልኩን አልዘጉበትም። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ ጠየቁት፤ ስም ነገራቸው። «ከየትኛው ቅርንጫፍ ነህ?» አሉት፤ እርሱንም ነገራቸው። ቁጥሩን ባጣደፋቸው ጊዜ ግን፣ «የምስጢር ቁጥሬን ንስሐ አባቴ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁ፤ አንተ ማን ነህና?» አሉት። የዘጋው እርሱ ነው።

እንግዲህ የወሰንነው ይህ ነው። ለፀረ ቫይረስ አንከፍልም፤ በላፕቶፑ ዲፌንደር፣ በአንድሮይዶቹም ፕሌይ ፕሮቴክት እንዳይጠፋ እንጠብቃለን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ልጃችን የሁሉንም ማሻሻያ ያያል፤ ስለ ጨዋታው የነበረው ኩርፊያም በዚህ ሹመት ተረሳ። አሮጌው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ መዝሙር ማዳመጫ ሆኖአል፤ ታላቂቱ ልጃችን ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ልጫንበት እያለች ናትና ጊዜ ስታገኝ ይታያል። ለፀረ ቫይረስ ሊወጣ ከነበረው ባነሰ ገንዘብ አንድ ውጫዊ ሐርድ ዲስክ ገዛን። ይህን ዲስክ በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ የእድሩ ሒሳብ በሚዘጋበት በ12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከላፕቶፑ ጋር እናገናኘውና ቅጂው እንዳለቀ ነቅለን በቁም ሣጥን እንቆልፍበታለን። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ እንደ ዋናክራይ ያለ ቆላፊ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋልና መንቀሉን እንደ ዋና ነገር ይዘነዋል። የአባታችን ድምፅ አሁን በሁለት ቦታ አለ።

ይህ ለእኛ ቤት የሚስማማ ውሳኔ ነው እንጂ ለሁሉ ይሆናል አንልም። በቀን ብዙ ፍላሽ የሚቀበል ጽሕፈት ቤት፣ ብዙ ሠራተኞች በአንድነት የሚጠቀሙበት የሰበካ ጉባኤ ቢሮ፣ ወይም ኢንተርኔት በሳምንት አንዴ ብቻ በሚገኝበት ገጠር ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ ኢንተርኔትም ዓይኑ የማይደክም ዘበኛ ያስፈልገዋልና ገንዘቡን ቢያወጣ አይጎዳም። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገባቸውን በኮምፒዩተር የሚያኖሩ አጥቢያዎች ይልቁን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ከዘበኛው ጋር ግን ዲስኩንም እንዳይረሱ።

ነገሩን ለእድሩ ኮሚቴ ባቀረብን ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ «ቤቱ ቢቃጠልስ? ዲስኩም ላፕቶፑም ባንድ ጣሪያ ሥር አይደሉምን?» ብለው ጠየቁ። በቤታችን ይህን ያሰበ አልነበረም። ኮሚቴው በእድሩ ገንዘብ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገዛ ወሰነ፤ እርሱም በገንዘብ ያዡ ቤት፣ ከድንኳኑ ገመድና ከብረት ድስቶቹ ቁልፍ ጋር ተቀምጦአል።